የማይፈለግ የቤት ዕቃ የት ይሸጥ?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የተሰጠን ጊዜ አጭር ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እንገባለን። ጉዳዩ ዕቃ መሸጥ ነው። «ዕድርና ዕቃ መሸጥን ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ኧረ በጣም ይገናኛሉ! ድንኳኑ ተነቅሎ አግዳሚው ወደ መጋዘን ሳይመለስ የቁራሌው ድምፅ በር ላይ ይሰማል። ሐዘንተኛዋም ዕቃውን ባየች ቁጥር ሆዷ ስለሚባባ «ውሰዱልኝ፣ ከፊቴ አርቁልኝ» ትላለች። በእንባ መሐል የተቆረጠ ዋጋ እንግዲህ ምን ዋጋ አለው? ሌሎችም አሉ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ከፒያሳና ከአካባቢው የተነሡ፣ እንዲሁም የጋራ መኖሪያ ቤት ደርሷቸው የሄዱ ሰዎች፣ ቡፌውና ቁም ሣጥኑ በደረጃው አልወጣ እያላቸው ባገኙት ዋጋ የሸጡ ብዙ ናቸው።

እኛ እንደሚመስለን፣ ከመሸጥ በፊት «ይህን ዕቃ እንዳለ የሚጠቀምበት ማነው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። እንዳለ የሚጠቀምበት ሰው ዕቃው ለሚሰጠው አገልግሎት ይከፍላል። የሚፈታታው ሰው የሚከፍለው ለብረቱ ብቻ ነው።

የልብስ ስፌት መኪናን እንውሰድ። ሲንገርም ይሁን ሌላ፣ በእግር የሚረገጥ መኪና ለልብስ ሰፊ እንጀራው ነው፤ ዛሬም በየመንገዱ ዳር እየሰፉበት የሚያድሩ አሉ። በኪሎ ሲሸጥ ግን ያው የብረት ክምር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የሰፈሩ ልብስ ሰፊዎች ይጠየቁ። የተበላሸ ፍሪጅም እንደዚሁ ነው። ሞተሩ ቢቃጠል እንኳ በሩ፣ መደርደሪያው፣ ላስቲኩ ለጠጋኝ ሥራ ይውላሉ፤ ሞተሩም ውስጥ የመዳብ ሽቦ ይኖራል። ቅድሚያ ለጠጋኝ ማሳየት ነው።

ቁራሌውን መናቅ ግን አይገባም። «ቆርቆሮ ያለው!» እያሉ ሲጣሩ አጥሮ ነው ቁራሌው የሆነው ይባላል። ማንም የማይነካውን፣ የዛገውን፣ የተቀደደውን፣ ባዶ ጠርሙሱን ሁሉ ተሸክሞ የሚሄድልን እሱ ነው። ለእሱ ከመስጠት በፊት ግን ብረታ ብረቱ ይለይ። መዳብ፣ ናስና አሉሚኒየም ከተራ ብረት ጋር ተደባልቀው በአንድ ዋጋ ሊሄዱ አይገባም፤ በተለይ መዳብ ውድ ነው። ከተሰበረ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ቢያስጠጉበት ብረቱን ይይዛል፣ እነዚህን ግን አይዝም። ሚዛኑንም ቢሆን ባለሱቁ ዘንድ አስቀድሞ መዝኖ መጠበቅ ነው። ልዋጭ የሚለው ልጅ ደግሞ አሮጌ ልብስና ጫማ ወስዶ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ጆግ ይሰጣል፤ ለተቀደደው ይበቃል። ደኅና ካፖርት በሳፋ ከሚለወጥ ግን ስለ ሟቹ ነፍስ ለተቸገረ ሰው ቢለበስ እንመርጣለን።

የአናጢ፣ የግንበኛ፣ የመካኒክ መሣሪያ ሲሆን ቦታው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። መርካቶ፣ እንደምታውቁት፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደዚያ ካዛወረው ወዲህ ያልታየበት ዕቃ የለም። መፍቻውን፣ መሮውን፣ መጋዙን አይተው የሚያውቁ ሰዎች እዚያ አሉ። የምንመክረው መጀመሪያ ባዶ እጅ ሄዶ ሦስት ቦታ ዋጋ መጠየቅ ነው። ዕቃውን አሸክሞ የሄደ ሰው መልሶ ላለማሸከም ሲል ይሸጣል፤ ነጋዴውም ይህን ያውቃል። የመኪናና የጫኝና አውራጅ ሒሳብ ሲደመር የአልጋው ዋጋ እልም ብሎ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ከባድ ዕቃ ስለዚህ በሰፈር ውስጥ ቢሸጥ ይሻላል። ልጆቹ ፎቶግራፍ አንሥተው በቴሌግራም ሲያወጡት ጥሩ ገዢ ይገኛል። ነገር ግን ገዢው በቀን፣ ሰው ባለበት ይምጣ። ገንዘቡን በስልክ ላክሁ ካለም የእሱን ስልክ ማየት ዋጋ የለውም፤ የራሳችንን ሒሳብ አይተን ነው ዕቃውን የምንለቀው። ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ሲሸጡ ቁጥራቸው ተጽፎ ምስክር ቢፈርምበት ለገዢውም ይበጀዋል፤ ነገ «ከየት አመጣኸው?» ቢባል መልስ አለው።

አሁን እኛ በመዝገብ ቤት ያረጀን ሰዎች የሚቆጨን ነገር ላይ ደረስን። ወረቀት! ቁም ሣጥን ሲሸጥ መሳቢያው ይታይ፤ ተስቦ ወጥቶም ከኋላው ይታይ። የፍራሹ ሥር፣ የካፖርቱ የውስጥ ኪስ፣ የመጽሐፉ ቅጠል መሐል ሁሉ ይታይ። የባል ጡረታ ወደ ሚስት ሲተላለፍ የጋብቻ ማስረጃ ይጠየቃል። የቤት ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የባንክ ደብተር፣ የልጆች የትምህርት ማስረጃ ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ተጠርዞ በኪሎ የተሸጠ እንደሆነ፣ ባለሱቅ በርበሬ ሲጠቀልልበት ነው የሚገኘው፤ ያውም ከተገኘ። ማን ሊያስመልሰው ነው? ምትክ ለማውጣት የሚፈጀውን ምልልስ ጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀምጠን ስላየነው ነው አጥብቀን የምንናገረው። አሮጌ የእጅ ስልክም ሲም ካርዱና ፎቶግራፉ ሳይወጣ አይሸጥ።

ደግሞ የሟች ዕቃ የአንድ ልጅ ብቻ አይደለም። ውጭ አገር ያለችው ልጅ መጥታ «የአባቴ ራዲዮ የታለ?» ስትል፣ በጥቂት ብር ሄዷል ማለት ወንድምና እኅትን ያቀያይማል። ለዕርቅ የምንቀመጠው ደግሞ እኛው ነን። ከመሸጡ በፊት ወራሾቹ ሁሉ ይጠየቁ፤ ለማስታወሻ የሚፈልጉት ይለይላቸው።

ስለዚህ ጠቅላላ ስብሰባው እንዲወስንልን የምንጠይቀው ይህን ነው። ሐዘን የደረሰበት አባል ከፈቀደ፣ የሚሸጠው ዕቃ ቢያንስ አርባ ቀን ሳይሸጥ ይቆይ። ቤቱ ከጠበበው በዕድሩ መጋዘን፣ ከድንኳኑ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ይቀመጥ፤ የዕድሩ ድስትና ወንበር እንደሚመዘገብ ይኸም በደረሰኝ ይመዝገብ። ዝርዝሩ በወሩ የመዋጮ ቀን ለአባላት ይነበብ፤ የሚፈልግ ጎረቤት አስቀድሞ ይግዛ። ዕድሩ ኮሚሽን አይወስድም። መዝገቡን ለመያዝ እኛ ፈቃደኞች ነን፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ግን በንብረት ክፍል ኃላፊው እጅ ስለሆነ እሳቸው የሚመቻቸውን ቀን ይንገሩን።