ሚያዝያ 27 ለልጆች ሲነገር
የአርበኞች የድል በዓል በሚከበርበት በሚያዝያ 27 ቀን፣ በአዲስ አበባ አራት ኪሎ ባለው የድል ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ ለሚያይ ልጅ አስቀድሞ ሊብራራለት የሚገባው፣ አርበኛ የሚባለው የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ፣ እስከ 1933 ዓ.ም. ድል ድረስ በዱር በገደሉ የተጋደለው ኢትዮጵያዊ መሆኑ ነው። ከተዋጊዎቹ ብዙዎቹ ገበሬዎች እንደነበሩ፣ እንደ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ ሴቶችም የውስጥ አርበኛ ሆነው፣ ማለትም በጠላት ይዞታ ውስጥ እየኖሩ ለተዋጊዎቹ መረጃና ስንቅ በስውር እያቀበሉ እንዳገለገሉ ሲሰማ፣ የሚከበረው ስለ ወገን ሲባል የተከፈለው መሥዋዕትነት መሆኑን ይረዳል፤ ይህ ካልተነገረው ግን ልቡን የሚማርከው ጠመንጃው ብቻ ይሆናል፣ ይህም እጅግ የሚያሳዝን ነው። በቤተሰቡ አርበኛ የነበረ ቅድመ አያት ካለ፣ ስሙንና የተዋጋበትን ስፍራ ከአያቶቹ ጠይቆ እንዲጽፍ ማድረግ ከረጅም ንግግር ይልቅ ይጠቅመዋል።