ብርማ ቀለም በጎብዬ ፀሐይ፦ ስለ ትንንሽ መኪኖች ልሙጥ ገጽ



ስለ ሞዴል መኪና ቀለም ንግግር እንደማቀርብ ሲነገር አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ማለታችሁን አይቻለሁ። አልፈርድባችሁም። ነገር ግን ጉዳዩ ከመጫወቻ ያለፈ መሆኑን እስከ መጨረሻው ስታደምጡኝ ትረዱታላችሁ ብዬ አምናለሁ።

ያደግሁት ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ጎብዬ ነው። በልጅነታችን መኪና የምንሠራው ከዘይት ቆርቆሮና ከሽቦ ነበር፤ ጎማው ቆርኪ ወይም ካረጀ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ ክብ ነው። በአስፋልቱ የሚያልፈውን ኤን ትሬ እያየን ጋቢናውንም የጭነት ሳጥኑንም እናስመስል ነበር። ያልተሳካልን ማብረቅረቁ ብቻ ነው። በመኪና ቀለም ቀቢነት ይተዳደር የነበረው ታላቅ ወንድሜ አንድ ቀን ብርማ ስፕሬይ አመጣልኝ። እኔም በጠራራ ፀሐይ፣ ነፋስ በሚያቋርጠው ግቢያችን ውስጥ ቆሜ ረጨሁት። ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻከረ፤ ብርነቱም ወደ አመድነት ተለወጠ። ምክንያቱን የተረዳሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ሜታሊክ ቀለም የሚያብረቀርቀው በውስጡ ስስ የአሉሚኒየም ቅርፊቶች ስላሉት ነው። ቅርፊቶቹ በገጹ ላይ ጠፍጥፈው ከተኙ ብርሃኑን እንደ መስተዋት በአንድነት ይመልሱታል፤ ተዘበራርቀው ከቆሙ ይበትኑታል። የሚያስተኛቸው ደግሞ ቀጭኑ እርጥብ ሽፋን ነው፤ ማሟሚያው ቀስ ብሎ ሲተን ሽፋኑ እየሳሳ ቅርፊቶቹን ወደ ታች ይጫናቸዋል።

ለሞዴል ሠሪ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። መኪናው ሃያ አራት ጊዜ ሲያንስ ቅርፊቱ አብሮ አያንስም። 20 ማይክሮሜትር ስፋት ያለው ቅርፊት በ1 ለ24 ሞዴል ላይ ሲያርፍ፣ በእውነተኛ መኪና ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ፍንጣሪ የተለጠፈ ያህል ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ደቃቅ ቅርፊት ያለውን ቀለም መምረጥ ያስፈልጋል፤ ትልቁ መኪና የሚሸፍነውን ስሕተት ትንሹ አይሸፍንም።

የራያ ገበሬ ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን ሲያጠጣ የሚያውቀውን እዚህም እናገኘዋለን። ጎርፉ ካነሰ ከማሳው ዳር ሳይደርስ ይሰርጋል፤ ከበዛ አፈሩን ጠርጎ አንድ ቦታ ይከምረዋል። ቀለምም እንዲሁ ነው። ከሩቅ ወይም በሙቀት ከተረጨ ጠብታው በአየር ላይ ደርቆ እንደ አቧራ ያርፋል፤ ከቅርብና በብዛት ከተረጨ ቅርፊቶቹ ዋኝተው እንደ ደመና ይቋጠራሉ።

አሠራሩን ባጭሩ ላስቀምጥ። ቆርቆሮ ከሆነ ዝገቱን ማስለቀቅና ጸረ ዝገት መቀባት፤ ፕላስቲክ ከሆነ ለፕላስቲክ የተዘጋጀውን የታች ቀለም መጠቀም ይገባል፤ ኃይለኛ የመኪና ቀለም ባዶ ፕላስቲክን ይበላዋልና። የታች ቀለሙን በ1000 ወይም በ1500 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ አልስልሱ፤ በሳሙና ካጠባችሁ በኋላም በጣታችሁ አትንኩት። የሜታሊክ ቀለም ጭረትን አይደብቅም፤ ያጎላዋል። ስፕሬዩን ኳሱ መንኳኳት ከጀመረ በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ናጡት። ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ርቃችሁ፣ ከመኪናው ጫፍ ውጭ ጀምራችሁ ከሌላው ጫፍ ውጭ ጨርሱ፤ እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን በግማሽ ይደርብ። ሁለት ሦስት ስስ ሽፋን ከአንድ ወፍራም ይሻላል። ብርማውን ራሱን ግን አትፈግፍጉት፤ ቅርፊቶቹ ይቧጠጣሉ። የሚፈገፈገውና የሚወለወለው በላዩ የሚደረበው ክሊር ነው። እርሱም በመጀመሪያ በስሱ ይረጫል፤ አለዚያ ሥሩ ያለውን አሟሙቶ የተኙትን ቅርፊቶች ይቀሰቅሳቸዋል።

የስፕሬይ መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ለክፍል ሙቀት የተጻፉ ናቸው። በብርድ አገር ጣሳውን ለብ ባለ ውሃ ማሞቅ ይመከራል፤ እኛ ከፀሐይ ልንሸሽገው ይገባል። ስለዚህ በጎብዬ የምረጨው ማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሣና ቆርቆሮው ሳይግል ነው፤ አስቀድሜም አቧራው እንዳይነሣ ግቢውን ውሃ አርከፈክፋለሁ። በክረምት እርጥበት ሲበዛ ቀለሙ ነጣ ያለ ጭጋግ ስለሚይዝ ዝናቡ አባርቶ አየሩ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። ከሌላ ቦታ የመጣ ዕውቀት መርሑ ይጠቅመናል፤ ልኩን ግን በራሳችን አየር መፈተን የእኛ ፈንታ ነው።

በመጨረሻ ወደ ወንድሜ ልመለስ። ለብዙ ዓመታት የመኪና ቀለም የረጨው አፉን በጨርቅ ሸፍኖ ነበር። ማታ ማታ ወተት ይጠጣ ነበር፤ ወተት የቀለሙን መርዝ ያጥባል ይባላልና። ወተት ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይወርድም፤ ጨርቅም የማሟሚያን ትነት አያስቀርም። ማጠንከሪያ የሚጨመርባቸው ብዙ የመኪና ቀለሞች አይሶሳያኔት አላቸው፤ ይህም የመተንፈሻ አካልን አስቆጥቶ ዘላቂ አስም ሊያስከትል ይችላል። ወንድሜ ዛሬ ዳገት ሲወጣ ይቆማል። ሳንባውን የጎዳው ይህ ብቻ ነው ብዬ አልመሰክርም፤ ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ለሥራው የሚስማማ ጭንብል ያቀበለው እንዳልነበረ አውቃለሁ።

እናንተ ተማሪዎች ነገ ወርክሾፕ ትመራላችሁ። ልሙጥ ገጽ ስታዩ ከማድነቃችሁ በፊት የቀባው ሰው ምን እየተነፈሰ እንደቀባው ጠይቁ። እኔ አሁን ትንንሽ መኪኖቼን ስረጭ የትነት ማጣሪያ ያለው ጭንብል አደርጋለሁ፤ ወንድሜም ነፋሱ ከማይመጣበት አቅጣጫ ራቅ ብሎ ተቀምጦ እጄን ያርማል። «አትቸኩል፤ አሳልፈው» ይለኛል። እስከ ዛሬ ከእርሱ የተሻለ መምህር አላገኘሁም።