ያልተጠየቀ ሰው አልሰጠም፦ አካል ጉዳተኞች፣ ኪነ ጥበብና የቅጂ መብት

(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያን ትምህርት ቤት የመራው ሊቁ ዲዲሞስ በሕፃንነቱ የዓይኑን ብርሃን ያጣ ሰው ነበር። ፊደልን የለየው በእንጨት ላይ የተቀረጹ ሆሄያትን በጣቱ እየዳሰሰ እንደ ነበር ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። በእኛም ሀገር የዜማና የቅኔ ትምህርት በቃል የሚሰጥና በቃል የሚያዝ በመሆኑ፣ ማየት የተሳናቸው ደቀ መዛሙርት ከባልንጀሮቻቸው ጋር ተምረው ለመምህርነት በቅተዋል። ከዚህ የምንረዳው፣ ሰውን ከዕውቀት የሚያርቀው የዓይን መጥፋት ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱ የሚቀርብበት መንገድ ጭምር መሆኑን ነው።

ዛሬ ይህ ጉዳይ በሕግም የተደነገገ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 ሁለት ነገሮችን ያዛል። አንደኛ፣ አካል ጉዳተኞች የፈጠራና የኪነ ጥበብ ችሎታቸውን ለራሳቸውም ለኅብረተሰቡም ጥቅም እንዲያውሉት ዕድል እንዲሰጣቸው፤ ሁለተኛ፣ የአእምሯዊ ንብረት ሕግ ያለ አግባብ ከባህልና ከጽሑፍ ሥራዎች እንዳያግዳቸው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው።

በመጀመሪያ ስለ አንባቢው እንናገር። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠበቃል። አንድን መጽሐፍ በብሬል ማዘጋጀት ወይም አንብቦ በድምፅ መቅዳት ቅጂ ማባዛት ስለሆነ፣ በመርሕ ደረጃ የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ይህን ችግር ለማቃለል እ.ኤ.አ. በ2013 በማራኬሽ የተፈረመው ውል፣ ለትርፍ ያልቆሙና ለዚሁ አገልግሎት ዕውቅና ያላቸው ተቋማት ያለ ፈቃድ ተደራሽ ቅጂ እንዲያዘጋጁ መንገድ ከፍቷል። ሀገራችንም እ.ኤ.አ. በ2020 ውሉን ተቀላቅላለች። ተጠቃሚዎቹም ማየት የተሳናቸው ብቻ አይደሉም፤ የማንበብ እክል ያለባቸውና በአካል ጉዳት ምክንያት መጽሐፍ ይዘው መግለጥ የማይችሉም ይገኙበታል። ይሁን እንጂ ቅጂው ለእነርሱ ብቻ መዋል አለበት፤ ለገበያም አይቀርብም። የጥንት አባቶች ድርሰት የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ አዲስ ትርጓሜ ወይም አዲስ ድርሰት ግን ባለቤት አለው። ስለዚህ አጥቢያዎች ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን ማማከር ይጠቅማቸዋል።

ሁለተኛው ነገር በእኛው ደጅ ያለ ነው። ዓይነ ስውር የሆነ አንድ ዘማሪ ግጥሙንና ዜማውን ራሱ ደርሶ በዐውደ ምሕረት ያቀርባል እንበል። መዝሙሩ ይቀዳል፣ ይባዛል፣ ለሕንፃ ማሠሪያ ይሸጣል፣ በማኅበራዊ መገናኛም ይለቀቃል። ስሙ ግን አይጠቀስም። በበዓል ቀን ርዳታ ተብሎ ጥቂት ብር ይሰጠዋል፤ እርሱም እጅ ነሥቶ ይቀበላል። ይህ ሰው የተቀበለው ከገዛ ሥራው ፍሬ ጥቂቱን ሆኖ ሳለ፣ እኛ ምጽዋት ብለን ጠራነው። በሕጉ መሠረት የደራሲነት መብት የሚገኘው ሥራው በተፈጠረበት ጊዜ ነው፤ ምዝገባ አያስፈልገውም። ስሙ እንዲጠቀስና ሥራው እንዳይዛባ የመጠየቅ መብትም አለው።

አንዳንዶች መዝሙር ለእግዚአብሔር የቀረበ አገልግሎት ስለሆነ ስለ መብት መነጋገር አይገባም ይላሉ። አሳቡ ከመንፈሳዊ ቅንነት የመጣ ነው። ነገር ግን ስጦታ ስጦታ የሚሆነው ባለቤቱ ወዶ ሲሰጥ ነው፤ ያልተጠየቀ ሰው አልሰጠም። ተጠይቆ በነፃ ከሰጠ ዋጋው በእግዚአብሔር ዘንድ ነው፤ ሳይጠየቅ ከተወሰደበት ግን ዕዳው የእኛ ነው።

ስለ ውልም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 የዓይነ ስውርና የማያነብ ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ ሥልጣን ባለው አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ ሰውየውን እንደማያስገድደው ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ ከመታለል ይጠብቃል። ዳሩ ግን ብዙዎች ውሉን ማስመስከር ድካም ስለሚመስላቸው፣ ከዓይነ ስውር ጋር መዋዋልን ጨርሶ ይተዉታል፤ ጥበቃውም መልሶ እንቅፋት ይሆናል። መፍትሔው ውሉን በሚያምነው ሰው ፊት ሙሉውን ማንበብ፣ ከተቻለም በብሬል ወይም በድምፅ መስጠት፣ ከዚያም አብሮ ሄዶ ማስመስከር ነው።

እንግዲህ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ እነዚህን ሦስት ነገሮች እንዲፈጽም አሳስባለሁ። በአጥቢያው ያሉትን አካል ጉዳተኛ ዘማርያን፣ ሠዓልያንና ደራስያን ከነሥራቸው ይመዝግብ። ሥራቸውን ከማባዛቱ በፊት ስምና ድርሻ የተገለጸበት ውል ይዋዋል። የሰንበት ትምህርት ቤቱን መጻሕፍት በድምፅና በብሬል ለማዳረስ ዕቅድ ይያዝ፤ በዕቅዱም ላይ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ይቀመጡ።

በርጤሜዎስ በመንገድ ዳር ሲጮኽ ሕዝቡ ዝም እንዲል ገሠጸው። ጌታችን ግን ቆመ፤ አስጠራው፤ የሚሻውንም ጠየቀው። እኛም ከመስጠታችንም ሆነ ከመውሰዳችን በፊት እንጠይቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።