ዋስትናና አማና



ጉንችሬ ላይ አንድ ወንድማችን አዲስ አይሱዙ ገዝቶ፣ ብዙ ለመጫን ሲል ባሌስትራ አስጨመረ እንበል። ሻንሲው ሲሰነጠቅ የጨመረውን አስፈትቶ «እንዲሁ ተሰነጠቀ» ብሎ በዋስትና ቢያሠራ፣ የበላው የሰው ሐቅ ነው። ሻጩም በውሉ ሳይጻፍ፣ ቴፕ ስላስገጠምን ብቻ የሞተሩን ብልሽት አልጠግንም ቢል በደል ነው።

ሱረቱል ማኢዳ የሚከፈተው ውልን በመሙላት ትእዛዝ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ገዢ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል።

እንግዲህ መኪናችንን ከመለወጣችን በፊት የዋስትናውን ወረቀት እናንብብ፤ ሻጩንም ጠይቀን መልሱን በጽሑፍ እንቀበል። ከተበላሸም የለወጥነውን ሳንደብቅ እንናገር። ወጪው ከኪሳችን ቢወጣ እንኳ፣ ለልጆቻችን የምናበላው ሐላል ይሆናል።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።