የቤታችንን ወረቀት ሳይርቅ በቅርቡ
(በአካባቢያችን ነዋሪዎች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)

የዛሬው መወያያችን ቤት ነው። ባለፉት ወራት ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ከመጡት ጥያቄዎች የሚበዙት ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ «ሰፈራችን ለልማት ቢነሣ እኛ የቀበሌ ቤት ተከራዮች ምን እንሆናለን?» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ምረጡ ብንባል ኮንዶሚኒየም መግዛት ይሻለናል ወይስ ሌላ የቀበሌ ቤት መከራየት?» የሚል ነው።

የሁለቱም ጥያቄዎች ሥር አንድ ነው። በመንግሥት ቤት የሚኖር ሰው መብቱ ያለው በግድግዳው ላይ አይደለም፤ በወረቀቱ ላይ ነው። ወረቀቱን ያላስተካከለ ሰው ለኪራይም ሲቀርብ ለግዥም ሲቀርብ እኩል ይቸገራል። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

እስቲ ከመነሻው እንጀምር። የምንኖርበት ቤት የቀበሌ ቤት የተባለው እንዴት ነው? ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ። አዋጁ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በወር እስከ 100 ብር ይከራዩ የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ማኅበራት ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሚከራዩት በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሆኑ። እነዚህ የኋለኞቹ «ኪራይ ቤቶች» ስንላቸው የኖርናቸው ሲሆኑ፣ ዛሬ የሚያስተዳድራቸው የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ነው። ኪራዩም በዚያው አዋጅ ከመቶ 15 እስከ ከመቶ 50 ተቀነሰ፤ ትንሽ ይከፍል ለነበረው ሰው ቅናሹ በዛለት።

ይህ ቅናሽ ለብዙ ደሀ ቤተሰብ መጠለያ ሆኖ ኖሯል፤ ይህን መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ ኪራዩ ለረጅም ዘመን እዚያው ላይ በመቅረቱ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አልተገኘም። የጭቃው ግድግዳ ተቦረቦረ፤ ቆርቆሮው ዛገ፤ ለብዙ ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ ቀረ። ዛሬ ቀበሌው በወረዳ ተተክቷል፤ እኛ ግን አሁንም «የቀበሌ ቤት» እንላለን። ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ዋናው ጉዳይ በውላችሁ ላይ አከራይ ተብሎ የተጻፈው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ነው። ወረዳው ነው ወይስ ኮርፖሬሽኑ? አቤቱታ ይዞ ወደማይመለከተው ቢሮ የሚመላለስ ሰው ጊዜውን በከንቱ ይጨርሳል።

እንግዲህ የቀበሌ ቤት ተከራይ ምን አለው፣ ምንስ የለውም? ኪራዩን እየከፈለ፣ ውሉን እያከበረ በቤቱ የመኖር መብት አለው። ቤቱን የመሸጥ፣ ለሌላ የማከራየት ወይም በራሱ ፈቃድ ለሌላ የማስተላለፍ መብት ግን የለውም። ሳያስፈቅድ ቀጥሎ መሥራትም አይችልም። አንዳንዱ ሰው «የቀበሌ ቤት ገዛሁ» ሲል እንሰማለን። ይህ ሰው የገዛው ቤት አይደለም፤ የሻጩን ዝምታ ነው። ሻጩ ባለቤት ስላልሆነ የሚያስተላልፍለት መብት የለም፤ ነገሩ በታወቀ ጊዜ ገንዘቡም ቤቱም ይቀራል። እንደዚሁም ኮንዶሚኒየም የደረሰው ወይም በከተማው የራሱ ቤት ያለው ሰው የቀበሌውን ቤት መመለስ አለበት። ሁለቱን ይዞ መኖር ቤት የሌለውን ጎረቤት መንጠቅ ነውና ማኅበራችን አይደግፈውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በውሉ ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው? በብዙ ቤት የተጻፈው የአባት ወይም የአያት ስም ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ተከራይ ሲሞት አብረውት ይኖሩ ለነበሩት ለትዳር ጓደኛውና ለልጆቹ ውሉ የሚዞርበት አሠራር አለ። ሆኖም ማስረጃ ይጠየቃል፤ የጋብቻ ወረቀት፣ የልጅነት ማረጋገጫ፣ በቤተሰብ ቅጽ ላይ መመዝገብ፣ የኪራይ ካርኒ። ባል በሞተ በማግሥቱ ይህን ሁሉ አሟልታ የምትገኝ እናት ስንት ናት? በእኛው ሰፈር አንዲት እናት ለዓመታት ኪራዩን በገዛ እጃቸው ሲከፍሉ ኖረው፣ ካርኒው ሁሉ በሟች ባለቤታቸው ስም ስለ ነበር ሚስት መሆናቸውን ለማስረዳት ረጅም ጊዜ ተንከራተዋል። ኋላ ተሳካላቸው። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ሰፈሩ ይነሣ ቢባል ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር?

ደባል ሆናችሁ የምትኖሩትም አስቡበት። በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ቤተሰብ አለ። ተነሺዎች በሚቆጠሩበት ጊዜ የሚታየው በመዝገቡ ላይ ያለው ነው። «እዚህ ተወልጄ እዚህ አደግሁ» ማለት እውነት ቢሆንም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ነገሩ ሩቅ እንዳይመስላችሁ። ልደታ በልማት ተነሥታ ኮንዶሚኒየም ተሠርቶባታል። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከካዛንቺስ ብዙ ሰው ተነሥቷል። የቀበሌ ቤት ተከራይ በሚነሣበት ጊዜ ሲቀርብለት የቆየው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ምትክ የቀበሌ ቤት መከራየት፣ ወይ ኮንዶሚኒየም መግዛት። ለመምረጥ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሒሳቡን ዛሬ ቁጭ ብለን እንሥራው።

ኮንዶሚኒየም በ1996 ዓ.ም. በተጀመረው የጋራ ቤቶች ግንባታ የመጣ ነው። በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ሕዝብ ተመዝግቧል፤ ከተመዘገቡት መካከል ዛሬም ዕጣ የሚጠብቁ ብዙ ናቸው። የክፍያው ዓይነት በስሙ ይታወቃል። በ10/90 ገዥው ከዋጋው ከመቶ 10 ያስቀድማል፤ በ20/80 ከመቶ 20፤ በ40/60 ከመቶ 40። የቀረው የባንክ ብድር ነው። ብድር ደግሞ ወለድ አለው።

ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ዋጋው 400,000 ብር የሆነ ቤት በ20/80 ገዛን እንበል። መጀመሪያ 80,000 ብር እንከፍላለን። 320,000 ብር እንበደራለን። ወለዱ በዓመት ከመቶ 10፣ ዘመኑ 20 ዓመት ቢሆን በየወሩ 3,088 ብር ያህል ይደርሳል። በ20 ዓመት ውስጥ ለባንኩ የምንከፍለው 741,000 ብር ገደማ ይሆናል። የተበደርነው ግን 320,000 ብር ነበር፤ አያችሁ? የእናንተ ዋጋና ወለድ ከዚህ ሊለይ ይችላል፤ አሠራሩ ግን ይኸው ነው።

በዚህ ላይ ሌላም ወጪ አለ። ቤቱ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሳያልቅ ስለሚሰጥ ወለሉን፣ ቀለሙን፣ የውስጥ በሩን ገዥው ያሟላል። አራብሳ ወይም ኮዬ ፈጬ የደረሰው ሰው የታክሲና የአውቶቡስ ሒሳብ ይጨመርበታል። በሰፈሩ ጉሊት የምትቸረችር ወይም እንጀራ የምትሸጥ እኅት ደንበኞቿን ትታ ነው የምትሄደው። ይህ ሁሉ በሒሳቡ ውስጥ ይግባ።

ታዲያ አትግዙ ማለታችን ነው? አይደለም! ቋሚ ገቢ ያለው፣ ልጆቹ ለሥራ የደረሱለት ቤተሰብ መግዛት ቢችል መልካም ነው። የገዛ ሰው ለልጆቹ የሚያወርሰው ሀብት ይኖረዋል። በጡረታ ብቻ የሚተዳደሩ አዛውንት ግን ምትክ የቀበሌ ቤት ቢመርጡ ሊያፍሩ አይገባም። ተከራይ ሆኖ በሰላም ማደር፣ ባለቤት ሆኖ ባንክ በመጣ ቁጥር ከመደንገጥ ይሻላል። ጎረቤት ስለ ገዛ ብቻ አትግዙ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና።

ለሚገዙትም ጥቂት ነገር እንጨምር። በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ገዥው የራሱን ቤት በግል፣ ደረጃውን፣ ጣራውንና ግቢውን ግን ከሌሎች ጋር በጋራ ይይዛል። ስለሆነም በባለቤቶቹ ማኅበር ውስጥ ይገባል፤ መዋጮም ይከፍላል። ደግሞም በትዳር ውስጥ የተገዛ ቤት በአንዱ ስም ብቻ ቢጻፍ እንኳ በመሠረቱ የጋራ ሀብት ነው፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ይህን ይላል። እኅቶች ሆይ፣ ይህን ያዙት! ቢሆንም ክርክር እንዳይመጣ ከመጀመሪያው የሁለታችሁም ስም ቢጻፍ ይመረጣል።

ዕጣ የደረሰው ሰው ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ የሚከለክለውን ደንብ ለማለፍ በውክልና የሚሸጥ አለ፤ የሚገዛም አለ። ውክልና ሽያጭ አይደለም። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል፤ ቢሞትም ውክልናው በመሠረቱ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ገዥው ከማያውቃቸው ወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ሊቆም ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው ክፍል ፊት መደረግና መመዝገብ አለበት።

እንግዲህ ከዚህ ስብሰባ ስንወጣ እያንዳንዳችን የምንሠራው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ የኪራይ ውላችንን ፈልገን በማን ስም እንደ ሆነ እናንብብ። ሁለተኛ፣ ስሙ የሟች ከሆነ ወይም የትዳር ጓደኛና ልጆች በቅጹ ላይ ከሌሉ ወደ ወረዳው የቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄደን እናስተካክል፤ ያመለከትንበትንም ወረቀት ቅጂ እናስቀር። ሦስተኛ፣ ውዝፍ ኪራይ ካለ ከፍለን ካርኒውን በአንድ ቦታ እናኑር። አራተኛ፣ ምርጫ ቢመጣ የትኛውን እንደምንወስድ ባልና ሚስት፣ ወላጅና ልጅ ዛሬ ማታውኑ እንነጋገር።

ማንበብና መጻፍ ለሚቸግራቸው፣ ወይም በዕድሜና በሕመም ምክንያት ወረፋ ለማይችሉ ነዋሪዎች ማኅበራችን ወጣቶችን መድቧል። በየቅዳሜው ከሰዓት በፊት በጽሕፈት ቤታችን ይገኛሉ፤ ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ የብድሩንም ሒሳብ አብረው ይሠራሉ። ክፍያ የለውም። ጎረቤቱ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ካለ ደግሞ ይንገረን፤ እኛ ወደ ቤቱ እንሄዳለን።

ሰፈሩ ይቆይም ይነሣም፣ ከመካከላችን አንድም ሰው በወረቀት ጉድለት ሜዳ ላይ እንዳይቀር የዛሬው አደራችን ነው።