«እርጅና ነው» ከማለታችን በፊት
ስለ አረጋውያን የመዋጥ ችግርና የመገጣጠሚያ ሕመም ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሳነጿት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም የእመቤታችን የስደቷ መታሰቢያ ናት። በዚያ ስደት ሕፃኑንና እናቱን ያገለገለው አረጋዊው ዮሴፍ ነበር። ዛሬም ከጎንደር ከተማ እስከ ደባርቅ ደጋ ድረስ ማኅሌቱን የሚቆሙት፣ ኪዳን የሚያደርሱት፣ ጾሙን ሳያጓድሉ የሚጾሙት አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው። እነርሱ ግን ሕመማቸውን አይናገሩም። «ጉልበቴን ቆረጠመኝ»፣ «እህል አልወርድ አለኝ» ሲሉ ብንሰማም እኛ «እርጅና ነው» ብለን እናልፋለን። እርጅና ግን የበሽታ ስም አይደለም።

ከመገጣጠሚያ ሕመም እንጀምር። በዕድሜ ብዛት የሚመጣው የመገጣጠሚያ ልስላሴ መበላት በብዛት ጉልበትን፣ ዳሌንና ወገብን ይይዛል፤ በሥራና በመቆም ይብሳል፣ በዕረፍት ይቀላል። ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሡ የሁለቱ እጆች ትናንሽ መገጣጠሚያዎች አብጠው ለረጅም ሰዓት አልታጠፍ ካሉ ግን ይህ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካልን የሚያጠቃበት ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። ሪህ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የእግርን አውራ ጣት በድንገት ያቀላል፣ ያሳብጣል። ትኩሳትና የሌሊት ላብ ከታከሉበት፣ ባልፈላ ወተት አማካይነት ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ ወይም የአጥንት ሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላልና መመርመር ያስፈልጋል። የእያንዳንዱ መድኃኒት የተለያየ ነው።

ለመዋጥ መቸገርም እንዲሁ ምክንያቱ ብዙ ነው። ጥርስ ማለቁና አፍ መድረቁ ቀላሉ ነው። ችግሩ በድንገት ከመጣ፣ ፊት ከተጣመመ ወይም አንደበት ከተያያዘ፣ ይህ የአንጎል የደም ዝውውር መቋረጥ ምልክት ነውና ሰዓት ሳይባክን ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል። በደጋው አገራችን የምናውቀው እንቅርት ሲያድግ ጉሮሮን ሊጫን ይችላል። የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እየተመለሰ የምግብ ቧንቧን ሲያቆስል ጠባሳው መንገዱን ያጠባል። አስቀድሞ ደረቅ እንጀራና ቆሎ፣ ቀጥሎ ገንፎ፣ በመጨረሻም ውኃ አልወርድ የሚል፣ ሰውነትም የሚያከሳ ሲሆን የምግብ ቧንቧ ካንሰር ያሠጋል። ይህ ካንሰር በአገራችን በተለይ በአርሲና በባሌ በብዛት ይታወቃል። የዓለም የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ከ65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የጋለ መጠጥ ለዚህ ካንሰር ሊያጋልጥ እንደሚችል ገልጿል። ስለዚህ ቡናውና አጥሚቱ ጥቂት በረድ ይበል።

ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ልዩ ትኩረት ይሻሉ። የሰውነት መከላከያ መዛባት መገጣጠሚያን ሲያሳብጥ አፍንና የምግብ ቧንቧንም ሊነካ ይችላል። ሁለተኛው መንገድ በአጥቢያችን ዘወትር የሚታይ ነው፤ ለቁርጥማቱ ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን በባዶ ሆድ ሲወሰድ የምግብ ቧንቧንና ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ግፊትንም ያባብሳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ አረጋዊ ክኒኑን ጠዋት በአንድ ጉንጭ ውኃ ወስደው ቢተኙ ጉዳቱ ይበረታል። ክኒን የሚዋጠው ቀና ተብሎ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ነው፤ ከዚያም ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አለመተኛት ይገባል። ጥቁር ሰገራ ወይም ደም የቀላቀለ ትውከት ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም።

አባቶቻችን ካህናት ሆይ፣ በዚህ ስፍራ ድርሻችሁ ከሐኪሙ አያንስም። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም ሲደነግግ ሕመምተኛውን ከግዴታው ያሳርፋል። ይሁን እንጂ ብዙ አረጋውያን ይህን ፈቃድ ከንስሐ አባታቸው አንደበት ካልሰሙ በቀር አይቀበሉትም። ምግብ እያነቃቸው «ቅዱስ ቁርባኑ ቢያስለኝስ» በሚል ፍርሃት ከመቁረብ የሚርቁም አሉ። ስለ ነገሩ አፍረው ዝም ይላሉ። እነርሱ እስኪነግሩን ሳንጠብቅ እኛ ቀርበን በጸጥታ እንጠይቃቸው። በማኅሌት ጊዜ መቋሚያ ያልበቃቸውን «ተቀመጡ አባቴ» ማለትም ሥርዓት ማፍረስ አይደለም። ጸበል የሚጠመቁትንም መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ እንምከራቸው፤ ነፍስ ኄር ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር እንዲወሰድ እንደ መከሩ እናስታውሳለንና።

የሰበካ ጉባኤያት ሦስት ነገር ማድረግ ይችላሉ። አንደኛ፣ ብቻቸውን የሚኖሩትን አረጋውያን መዝግቦ በየወሩ የሚጎበኛቸውን ሰው መመደብ፤ ጎብኚውም «ምን ይበላሉ? እንዴት ይወርድልዎታል? ልብስዎ ሰፍቶዎታል?» ብሎ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያልታቀፉትን ማስመዝገብ፣ መክፈል የማይችሉትንም ለቀበሌው ማሳወቅ። በመድኑ የሚታከም ሰው አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለበት ይነገራቸው። ሦስተኛ፣ ከገጠር ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚላኩ አረጋውያን አብሯቸው የሚሄድ ሰው እንዲያገኙ ማድረግ፤ አጃቢ በማጣት ሪፈሩ ሣጥን ውስጥ ይቀራልና።

እስከዚያው በቤት የሚደረገው ቀላል ነው። ቀና ብለው ተቀምጠው፣ በትንሽ በትንሹ፣ በወጥ የራሰ እንጀራ ይብሉ፤ እየተናገሩ አይዋጡ። ጉልበታቸው የታመመ ደግሞ ፈጽመው አይተኙ፤ በዝግታ መራመድ መገጣጠሚያን ያበረታል።

ያስተማሩን፣ ያጠመቁን፣ ያቆረቡን አባቶችና ያሳደጉን እናቶች በሚድን ሕመም በዝምታ እንዳይወድቁ፣ በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዳችን አንዱን እንጠይቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።