ተዝካር፦ ምን እንያዝ፣ ምን እንተው?

ለሰበካ ጉባኤያት አባላት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በአንድ የገጠር ደብር የዘር ብድር ተመላሽ ስንከታተል፣ ብድራቸውን መመለስ ያልቻሉ አንዲት እናት ቤት ገባን። ባለቤታቸው ያረፉት ባለፈው ዓመት በግንቦት መጨረሻ ነው። ከሁለቱ የእርሻ በሬዎች አንዱ ለአርባው ተዝካር ታረደ፤ ሌላው ለእህል፣ ለጌሾና ለቅቤ መግዣ ተሸጠ። ወሩ ሐምሌ ነበርና መሬቱ ለእኩል አራሽ ተሰጠ። «ስማቸው እንዳይጠፋ ብዬ ነው» አሉን። ልንመክራቸው አፋችን አልደፈረም፤ በዚያ ዳስ በማዕድ ከተቀመጡት መካከል የእኛው ወገኖች ካህናት ነበሩና።

ተዝካር «ዘከረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ስም ነው፤ መታሰቢያ ማለት ነው። በትርጓሜው ውስጥ ሠንጋም ጠላም የለም። መታሰቢያው የሚጸናው በጸሎተ ፍትሐት፣ በቅዳሴና በምጽዋት ነው። ማዕዱም ቢሆን ነዳያን እንዲጠግቡበት ነበር፤ ዛሬ ግን ባለጸጋው በዳሱ ውስጥ ሲስተናገድ ነዳያን በደጅ ትራፊ ይጠብቃሉ።

ቀኖቹን ደግሞ እንመልከት። በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛው፣ በ80ኛው ቀን፣ በመንፈቅ፣ በሙት ዓመት፣ ከዚያም በ7ኛው ዓመት። ርቀታቸው በጥቅሉ እየሰፋ ይሄዳል። ሥርዓቱ ኀዘንተኛውን «እርሳ» አይለውም፤ በቀብሩ ዕለት ላይም ተክሎ አያስቀረውም። በመታሰቢያዎቹ መካከል ወደ እርሻውና ወደ ልጆቹ የሚመለስበትን ጊዜ ይሰጠዋል። እኒያ እናት ግን በአርባኛው ቀን የሚመለሱበትን በሬ አጡ።

ሙሴ ከግብፅ ሲወጣ የዮሴፍን ዐፅም ይዞ ወጣ (ዘፀ. 13፥19)። የሥጋው ምንቸት እዚያው ቀረ፤ ሕዝቡ በምድረ በዳ የናፈቀው ግን ምንቸቱን ነበር (ዘፀ. 16፥3)። እኛም አንዳንድ ጊዜ ዐፅሙን ትተን ምንቸቱን የተሸከምን ይመስለናል።

እንግዲህ የምንለምናችሁ ይህን ነው። እያንዳንዱ ደብር የሙታን መዝገብ ይኑረው፤ ቤተሰቡ ደገሰም አልደገሰም የሟቹ ስም በየመታሰቢያው ቀን በጸሎት ይነሣ። የእርሻ በሬ፣ ዘርና የልጆች ቀለብ ለድግስ እንዳይነካ ሰበካ ጉባኤው ከዕድሩ ጋር ይስማማ። ይህ ውሳኔ የካህናቱን ኑሮ እንደሚነካ እናውቃለን። የብዙ የገጠር ካህን መተዳደሪያ ከተዝካር ጋር የተያያዘ ነው፤ በዐውደ ምሕረት ደፍረን ያልተናገርነውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የካህናቱ መተዳደሪያ በዚያው ጉባኤ፣ በዚያው ቀን አብሮ ይታይ።

የእኒያ እናት ባለቤት ሙት ዓመት ደርሷል። ሰበካ ጉባኤው ያለ ድግስ ቅዳሴ ሊያስቀድስላቸው ተስማምቷል፤ እርሳቸው ግን «ሰው ምን ይለኛል» ብለው ገና እሺ አላሉም። የነፍስ አባታቸው ቀድመው ቤታቸው ሄደው «እኔ ከድግስዎ አልጠብቅም» ቢሏቸው መልሳቸው ሌላ ይሆን ነበር ብለን እናምናለን።